የልብ ቀዳዳ ከተዘጋ በኋላ መድኃኒትን ስለ ማቆም

ከወላይታ ሶዶ በስተ ምዕራብ ከምትገኘው ከቤሌ ልጃቸውን ለልብ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ያመጡ አንድ አባት፥ 6 ወር በሞላ ጊዜ ሐኪሙ አስፒሪኑን እንዳስቆመው በደስታ ነገሩን። ወሬው ግን ከጎረቤት ደረሰ። በልባቸው የብረት ቫልቭ የተተከለላቸው አንዲት ወይዘሮም «እንግዲያስ እኔም ዋርፋሪኔን ልተወው» ማለታቸውን ሰምተን ደነገጥን። በአገራችን ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ነውና።

የልጁ ሕመም ከመወለዱ ጀምሮ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል የነበረ ቀዳዳ ነው። ቀድሞ ለእንዲህ ያለው ሕክምና ባሕር መሻገር ግድ ይል ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ ግን ጥበቡ ቀርቦልናል። ዛሬ ብዙ ጊዜ ደረት አይከፈትም፤ ሐኪሙ በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ አድርሶ፥ ከሽቦ የተሠራ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ መክደኛ በቀዳዳው ላይ ያኖራል። ደም ግን ባዕድ ነገር ሲነካ መርጋት ልማዱ ነው፤ የረጋውም ወደ አንጎል ቢሄድ ሰውን ሽባ ያደርጋል። አስፒሪን የሚሰጠው ይህን ለመከልከል ነው። የልብ ሥጋ መክደኛውን ቀስ በቀስ ያለብሰዋል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ያህል ይፈጸማል። ከዚያ ወዲያ ደሙ የሚነካው የገዛ አካሉን እንጂ ሽቦውን አይደለም፤ ሐኪሙም በአልትራሳውንድ አይቶ መድኃኒቱን ያስቆማል። ቀዳዳው ገና የሚያሳልፍ ወይም የልብ ምት የተዛባ እንደ ሆነ ግን ያስረዝመዋል።

የብረት ቫልቭ ነገር ሌላ ነው። ሳያርፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ስለ ሆነ ሥጋ ሊሸፍነው አይገባም፤ ስለዚህ ዋርፋሪን የዕድሜ ልክ ነው። የተወው ሰው ቫልቩ በረጋ ደም ሊያዝበት ይችላል። የመድኃኒቱ አመጣጥም ያስደንቃል፤ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ሲያልቁ፥ ምክንያቱን ከመረመሩት ሊቃውንት ሥራ የተገኘ ነው። ሲበዛ ያደማል፥ ሲያንስ ያረጋል፤ መጠኑም በደም ምርመራ ይለካል።

የቤት እመቤቶች ስለ ጎመን ይጠይቁናል። ጎመን ሲበዛ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ጎመን ከገበታ ይነሣ አንልም፤ መለኪያውን የሚያዛባው በጾም ወራት ጠግቦ በልቶ በፍስክ ጊዜ ፈጽሞ መተው ነው። ጥርስ የሚነቀልም ሰው ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ስለ ወይዘሮዋ ያገኘነው የመጨረሻ ወሬ፥ ደማቸውን ሊያስመረምሩ ወደ ሶዶ መውረዳቸው ነው፤ ኪኒኑንም በመቀነታቸው ቋጥረው ይዘውታል አሉ።