ጥር ሳይገባ

እህሉ እየተወቃ ነው። ቀጥሎ ጠላው ይጠመቃል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ጥር ይገባል። ዘንድሮ በየገጠሩ ከሚጣለው ዳስ ውስጥ በስንቱ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሙሽራ ሆና ትቀመጥ ይሆን?

ወገኖቼ፣ አሁን እንነሣ። ዳሱ ከተጣለ፣ ሰንጋው ከታረደ፣ ዘመድ ከተጠራ በኋላ ማን ደፍሮ ያስቆማል? የሚቆመው ዛሬ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር። ሴቶች ተሟገቱ፣ ጮኹ፣ አልተኙም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለአቅመ ጋብቻ ያልደረሰች ልጅ የሚያገባውን እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል።

በወረቀት ላይ አሸንፈናል። ግን በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው ትዳር እንደገቡ አሳየ። ከመቶ አርባ!

ሕጉ በየት አመለጠን? በዕድሜ በኩል። ልጅቱ የልደት ምስክር ወረቀት የላትም። ቁመቷን ያየ ሽማግሌ «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ብሎ ይመሰክራል፤ ጸሐፊው ይጽፋል፤ አለቀ። አንዳንዱ ቤት ታላቅየዋን ሲድር ታናሽየዋን በዚያው ዳስ ደርቦ ይድራል። ሌላው ድግሱን ክርስትና ይለዋል፣ ተዝካር ይለዋል። ጎረቤት ግን ያውቃል። እናውቃለን እንጂ!

ስለዚህ ልጆቻችሁን አስመዝግቡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ትናንት የተወለደችውን አስመዝግቡ፤ ላመለጣትም የዘገየ ምዝገባ ጠይቁ። ያቺ ወረቀት በእጇ ካለች የማንም ሽማግሌ ምስክርነት ዕድሜዋን አይጨምርባትም።

አባቶችን ግን በክፋት ብቻ አልከስም። ድህነት አለ፤ የትምህርት ቤቱ መንገድ ይረዝማል፤ ጠለፋ ያስፈራል፤ ጦርነት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል። ቤት የዋለች ልጅ ደግሞ ቶሎ ለሽማግሌ ዓይን ትገባለች። በባዶ እጅ «አትዳሩ» ማለት አይበቃም። በጎጃም፣ ሞሰቦ በምትባል መንደር፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ብርሃነ ሄዋን የተባለ ፕሮግራም ይህን ተረድቶ ነበር። ሴቶቹ ልጆች ተሰባስበው እንዲማሩ አደረገ፣ ደብተርና እርሳስ ሰጠ፣ ጎረቤቱን በጉዳዩ አነጋገረ፤ ልጁን ሁለት ዓመት ሳይድር ለቆየ ቤተሰብም ፍየል ሸለመ። ውጤቱ ሲጠና፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ እኩዮቻቸው ይልቅ በእጅጉ ከጋብቻ ተርፈው፣ በእጅጉም ትምህርት ቤት ገብተው ተገኙ። ፍየል! መንግሥት ይህን ያህል አቅም የለውም? የወረዳ ምክር ቤት አባላችሁን ያዙና ጠይቁት፤ ለሴት ልጆች ደብተር፣ ለማደሪያ፣ ለንጽሕና መጠበቂያ ስንት ብር ተይዟል? መልስ ሳይሰጣችሁ አትልቀቁት።

እናቶች፣ «ቆሞ ቀር» የሚለው ስድብ ከቤታችሁ ይውጣ። ሰውነቷ ሳይጠና ምጥ የያዛት ልጅ ምን እንደሚደርስባት እናንተ ታውቃላችሁ። የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል አልጋዎችም ያውቃሉ።

የንስሐ አባቶች፣ የእናንተ ቃል ከፖሊስ ይበልጥ ይሰማል። ዲያቆኑ ቅስና ሳይቀበል ድንግል ማግባት አለበት እየተባለ የ12 ዓመት ልጅ ስትታጭ ዝም አትበሉ። ድንግልና 18 ዓመት ሲሞላ አያልቅም። ይህን በዐውደ ምሕረት ተናገሩ፤ የልደት ወረቀቷን ሳታዩ አትባርኩ።

መምህራን፣ ስም ስትጠሩ «አቤት» ያላለችውን ልጅ በዚያው ቀን ፈልጉ፤ ሳምንት አትጠብቁ። ፖሊሶች፣ ጥቆማ ሲመጣ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትመልሱ፤ ወንጀል ነው። የሰፈር ወጣቶች፣ የክፍል ጓደኛችሁ ስትታጭ መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ተናገሩ!

ሪያድ፣ ቴል አቪቭ፣ ዋሽንግተን ያላችሁትንም አልለቀቅኋችሁም። «ለሠርግ ላኩልን» ሲባል ብሩን ከመላካችሁ በፊት ሙሽራዋ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ ከተምታታ ብሩን ለትምህርቷ አድርጉት። ከድግሱ ግማሽ የሚሆነው የእናንተ ገንዘብ ከሆነ፣ ቃላችሁም ይሰማል።

በመጪው እሑድ ዕድራችሁ ሲሰበሰብ ይህን አጀንዳ አስይዙ። አንድ ደንብ ይበቃል፦ 18 ያልሞላትን ለሚድር ቤት የዕድሩ ድንኳን አይወጣም፣ ወንበሩ አይወጣም፣ ብረት ድስቱ አይወጣም። አስጽፉት፣ አስፈርሙት፣ ሰኞ ጠዋት ቅጂውን ለቀበሌ አስገቡ፤ ሌላውን ቅጂ ለጎረቤት ዕድር ስጡ።