ሐዘን ሁሉ እርግማን ነውን?

ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው፤ አስቀድሜ ልናገረው።

በቅርቡ አንዲት እኅት ከአምልኮ በኋላ ጠብቃ አነጋገረችኝ። «አ ሪል ፔይን» የሚባል ፊልም አይታ ስታለቅስ አድራለች። ለጸሎት ቡድኗ ብትነግር፣ ምን እንዳስለቀሳት የጠየቃት አልነበረም። «ከቤተሰብሽ የወረደ የሐዘን መንፈስ ነው» ብለው ራሷን ይዘው ሲገሥጹ አመሹ። «ፓስተር፣ ከዚያ ወዲህ ማልቀሱን ትቻለሁ፤ የለቀቀኝ ነገር ግን የለም» አለችኝ።

ፊልሙን ፈልጌ አየሁት። ስድብ ይበዛበታል፤ ሐሺሽም ይጨስበታል፤ ስለዚህ ከልጆቻችሁ ጋር ሰብሰብ ብላችሁ እዩት አልልም። ጄሲ አይዘንበርግ ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ ራሱም የተወነበት የ2024 ሥራ ነው። ዴቪድና ቤንጂ የሚባሉ አይሁዳውያን የወንድማማች ልጆች፣ ከናዚዎች እልቂት የተረፈችው አያታቸው ስትሞት፣ የኖረችበትን ቤት ሊያዩ ከአሜሪካ ወደ ፖላንድ ይሄዳሉ። ርእሱ በእንግሊዝኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ እውነተኛ ሕመም ማለትም ነው፣ ራስ ምታት የሆነ አስቸጋሪ ሰው ማለትም። ቤንጂ ሁለቱንም ነው። ሰውን ሁሉ ያስቃል፣ ወዲያው ደግሞ ያሳፍራል። የአንደኛ ማዕረግ ባቡር ላይ ተቀምጦ፣ ወገኖቹ በዚሁ አገር በባቡር እንዴት እንደተጫኑ ሲያስብ መቀመጥ ያቅተዋል። በመቃብር ስፍራው አስጎብኚውን ቁጥር መደርደር ይብቃህ ይለዋል። ከሉብሊን ከተማ ዳር ባለው የማይዳኔክ ማጎሪያ ሲደርሱ ፊልሙ ራሱ ዝም ይላል፤ ሙዚቃ የለም፣ ወሬም የለም ማለት ይቻላል። ሲመለሱ ቤንጂ አውቶቡስ ውስጥ ይንሰቀሰቃል። ይህ ሰው ከወራት በፊት ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ነበር።

እንግዲህ ቤንጂ ወደ እኛ ቢመጣ ምን እናደርገው ነበር? መልሱን ታውቁታላችሁ። ማይክራፎን ይቀርብለታል፣ ይጮኽበታል፣ ከወደቀ «ነፃ ወጣ» ይባላል።

የዘር እርግማን ሰባኪዎች ሕዝቅኤል 18ን አንብቡ። አባት በበላው የልጅ ጥርስ ተጎዳ የሚለውን ተረት እግዚአብሔር ራሱ ከእስራኤል አፍ ከልክሎታል። የአባት ኃጢአት ፍርድ በልጁ ላይ አይቆጠርም። ሐዘን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሐዘን ይወረሳል። ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሰምቶ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ብዙ ቀን ጾመ። ከተማይቱ በባቢሎናውያን የተቃጠለችው ከእርሱ 140 ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። በፋርስ ቤተ መንግሥት የሚኖር፣ ለንጉሥ ወይን የሚያቀርብ ሰው ነው፤ ምን ጎደለውና አለቀሰ? «የአባቱን ቤት ኃጢአት ተናዟል» ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ተናዟል። ለአምላኩ ተናዘዘ እንጂ ልቅሶውን እንደ ጋኔን ሲያባርር አላነበብንም።

ሌሎች ደግሞ ፊልጵስዩስ 3ን ይዘው «ጳውሎስ የኋላውን ረሳ» ይላሉ። እስቲ ምዕራፉን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ። ጳውሎስ ትርፍ አልቆጥረውም ያለው ግዝረቱን፣ ነገዱን፣ ፈሪሳዊነቱን፣ የሚመካበትን ሁሉ ነው። ያው ጳውሎስ በሮሜ 9 ስለ ወገኖቹ የማያቋርጥ ጭንቀት በልቤ አለ ይላል።

እኔም ከዚህ ንጹሕ አይደለሁም። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ሰሞን ልጇ በሞተባት እናት ቤት ገብቼ፣ «አማኝ እንደ አሕዛብ አያለቅስም» አልኳት። ሐዋርያው ያለው ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ እንጂ አትዘኑ አልነበረም። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ዝም አለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ ፊት አላለቀሰችም። ያኔ እምነት መስሎኝ ነበር።

ፊልሙ ሁሉን አያውቅም። ቁስሉን ያሳያል፤ ወደ ማን እንደሚወሰድ ግን አይነግረንም። ሁለቱ በአያታቸው ደጃፍ ድንጋይ ያኖራሉ፤ ጎረቤት መጥቶ፣ እዚህ የሚኖሩ አሮጊት እንዳይደናቀፉ አንሱት ይላቸዋል። ይህችን ሳይ ሳቅሁም፣ አዘንሁም። ዴቪድ ድንጋዩን ይዞ ኒውዮርክ ደጁ ላይ ያስቀምጣል። ቤንጂ ግን የሚሄድበት እንደሌለው ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብሎ ይቀራል። በኢያሱ 4 ከዮርዳኖስ 12 ድንጋዮች የወጡት ልጆች ምንድን ናቸው ብለው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እግዚአብሔር ያደረገውን እንዲናገሩ ነው። በእኛ ቤት ልጆች ሲጠይቁ «የአሮጌው ሰው ነገር ነው፣ ተወው» እንላለን።

እኅቴን ምን አስለቀሰሽ ብዬ ጠየቅኋት። የእናቷ ወንድም በቀይ ሽብር ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ድንኳን አልተተከለም፤ አያቷ ደጅ ወጥተው ማልቀስ እንኳ አልቻሉም፤ ያለቀሰ ይጠረጠር ነበርና። ደርግ የከለከላቸውን ልቅሶ ዛሬ እኛ በኢየሱስ ስም ከልጅ ልጃቸው ላይ እንከልክል? በአልዓዛር መቃብር ፊት ባለቀሰው ጌታ ስም?

«አያትሽ አሉ?» አልኳት። አሉ። ስለ ልጃቸው ጠይቃቸው አታውቅም፤ ፎቶግራፉ ግን ሳጥናቸው ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዳለ ታውቃለች። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። ዘይት አልይዝም።