ምስክሩ ንጹሕ ካልሆነ ፍርዱ አይቀናም

ዳኛ የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆን የቀረበለት ምስክር የታመነ ካልሆነ ፍርዱ ሊቀና አይችልም። በሥነ ፍጥረት ምርመራም ሕጉ ይኸው ነው፤ መሣሪያው እንደ ዳኛ፤ የሚመረመረው ነገር እንደ ምስክር ይቈጠራል። ነገር ግን ለመሣሪያው መግዣ ብዙ ገንዘብ ሲመደብ፤ ምስክሩን ለሚያዘጋጀው ባለሙያ የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ይህም አይገባም እንላለን።

ለነገሩ ማስረጃ የሚሆነን ማግኔቲት የተባለው፤ ከብረትና ከኦክሲጅን የተዋሐደው ጥቁር የማግኔት ደንጊያ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. ፌርቬይ የተባለው የሆላንድ ሊቅ፤ ይህ ደንጊያ ከዜሮ በታች 150 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ኃይሉ በድንገት መቶ እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ አስታወቀ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ሊቃውንት ቢደክሙም በአንድ ቃል መስማማት አልቻሉም። ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ናሙናው ራሱ ነበር፤ ከብረቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ቢጐድል፤ ለውጡ የሚሆንበት የቅዝቃዜ መጠንም የለውጡ ጠባይም ይለያልና።

እንግዲህ ንጹሑ ክሪስታል እንዴት ይገኛል? ማግኔቲት የሚቀልጠው በ1,600 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚህ ግለት ደግሞ የያዘውን ዕቃ እየበላ ይቈሽሻል። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባለሙያዎች በ1970ዎቹ የሠሩበት ብልሃት የሚደነቅ ነው። ውሃ በሚያቀዘቅዘው የመዳብ ዕቃ ውስጥ መካከሉን በኤሌክትሪክ ሞገድ ሲያቀልጡት ዳሩ ረግቶ ቅርፊት ይሆናል፤ ስለዚህ የቀለጠውን ማግኔቲት የሚይዘው ያው ማግኔቲት ነው። ኦክሲጅኑም እንዳይበዛና እንዳያንስ በዙሪያው ያለውን አየር እየመጠኑ ቀስ በቀስ ያረጉታል። ወርቅ በእሳት ሲገባ ይፈተናል፤ ይህ ደንጊያ ግን የሚፈተነው ከእሳት ሲወጣ ነው፤ የቸኰለ ሰው አንድ ወጥ ክሪስታል አያገኝም።

የመልካም ናሙና ዋጋም በ2012 ዓ.ም. ተገለጠ። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እጅግ ደቃቅ የሆነች፤ በቅዝቃዜው ከሞላ ጐደል ያልተከፋፈለች ክሪስታል በኤክስሬይ መርምረው፤ ኤሌክትሮኖቹ በሦስት በሦስት የብረት አተሞች ላይ ተጋርተው እንደሚቀመጡ አስረዱ። ከፌርቬይ ጽሑፍ እስከዚህ 73 ዓመት አልፎ ነበር።

ስለዚህ የምርመራ ገንዘብ የሚመድቡ ሹማምንት መሣሪያውን ሲያስቡ ምድጃውንና ምድጃውን የሚጠብቀውን ሰው አብረው ያስቡ። ብዙ ወራት ደክሞ አንዲት ደንጊያ ያቀረበውንም ሠራተኛ በቍጥር አይመዝኑት፤ የብዙ ሊቃውንት ፍርድ በዚያች አንዲት ደንጊያ ላይ ይቆማልና።