ቤት ሲሸጥ በአደባባይ ይሁን

በወለጋ፣ በነቀምት ከተማ፣ ከዚያም አልፎ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢዶሎና በሻምቡ ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ማሰቡን መሰወር ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ የእድሩ ዳኛ እንዳይጠይቅ፣ አማች እንዳይቀየም፣ አንዳንዴም (ይህ ከሁሉ ይከፋል) የገዛ ሚስቱና ልጆቹ ሳያውቁ ጉዳዩ እንዲያልቅ ፈልጎ ነገሩን ለአንድ ደላላ በጆሮው ሹክ ይላል። ደላላውም ለሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ለሦስተኛው ሹክ ሲል፣ ሳምንት ሳይሞላ ከሻጩ ዘመዶች በቀር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ቤት በስውር ሊሸጥ አይገባውም የሚል ነው። ይህን ስል የሻጩን ስጋት እንደ ከንቱ ነገር ቆጥሬ አይደለም። በአገራችን ቤት መሸጥ የመውደቅ ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ፣ ቤቱን ለመሸጥ የተነሣ ሰው ዕዳ ያዘው፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ ወይም ልጁን ከእስር ሊያስፈታ ነው መባሉ አይቀርም፤ ባለቤቱ ግን ምናልባት ልጆቹ ወደ ተማሩበት ከተማ ለመጠጋት፣ ወይም ለእርጅናው የምትስማማ ትንሽ ቤት ለመግዛት ብቻ አስቦ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሐሜትን ፈርቶ በጨለማ የተዋዋለ ሰው፣ ኋላ በችሎት ፊት በብርሃን ሲዋረድ የምናየው እጅግ በርካታ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ይታወቅ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ፣ አንዱንም ቤተ ሰብ በአንድ መኖሪያ ቤት ከወሰነ ወዲህ፣ ከዚያም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ካጸና ወዲህ፣ በነቀምት ያለ ሰው የሚሸጠው ያሠራውን ቤትና በቦታው ላይ የመጠቀም መብቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ደላላው ግን አሁንም የሚጠይቀው ስንት ካሬ ነው ብሎ ነው፤ ገዢውም አሮጌውን የጭቃ ቤት ዞር ብሎ ሳያይ፣ አስፋልት ስንት ሜትር ይርቃል፣ በግቢው ስንት ሰርቪስ ቤት ይወጣል ብሎ ያሰላል። ሕጉ ቤት ሲል ገበያው መሬት እያለ ሁለቱ ሳይገናኙ ይህን ያህል ዘመን መኖራቸው የሚያስገርም ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግን በገንዘብ የሚመነዘር ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እንደ ደነገገው፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። ስለዚህ አባቱ በንጉሡ ዘመን ያሠራውን ቤት የሚሸጥ ሰው፣ ገዢው ስሙን ካዛወረ በኋላ የሊዝ ክፍያ እንደሚጠብቀው ከዋጋ ድርድር በፊት ይንገረው። ይህን ያልነገረ ሻጭ ውሉ በተፈረመ ማግሥት እንደ አታላይ ይቆጠራል፤ ቅር የተሰኘውም ገዢ የቀረውን ክፍያ ለማዘግየት በቂ ምክንያት ያገኛል።

ወረቀቱን ማሰናዳት ከሽያጩ በፊት የሚፈጸም እንጂ ገዢ ከተገኘ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም። ካርታውና በመሬቱ ላይ ያለው አጥር ይስማሙ እንደ ሆነ በከተማው አስተዳደር ባለሙያ ማስለካት፣ የየዓመቱን ግብር ደረሰኝ አንድ ላይ ማስያዝ፣ ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እግድ ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ቤቱ ከወላጅ የተወረሰ ከሆነም የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ጥድፊያ ያለበት ሻጭ ደግሞ ዋጋ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገዢው የጎደለውን ወረቀት አይቶ ከቤቱ ጉድለት ይልቅ በእርሱ ይከራከራልና።

የቤተ ሰቡ ነገር ከወረቀቱ ይከብዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ኦሮሚያም የራሱ የቤተሰብ ሕግ ያለው ክልል ስለሆነ በወለጋ የሚሸጥ ሰው በዚያም የተጻፈውን ይጠይቅ። ሚስት ሳትፈርም የተሸጠ ቤት የተሸጠ መስሎ የሚቆየው ሚስት እስክትሰማ ድረስ ብቻ ነው። ቤቱ የወንድማማቾችና የእኅትማማቾች ውርስ ሲሆን ደግሞ፣ አንዱ በነቀምት፣ አንዱ በአዲስ አበባ፣ አንዷም የወለጋ ልጆች በብዛት በሚኖሩባት በአሜሪካ ሚኒሶታ ስለምትገኝ፣ ሽያጩ የሚፈጸመው በውክልና ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል፤ «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ወረቀት ቤት አያሸጥም። ወካዩም ቢሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል። ይህ የመጨረሻው ነገር እጅግ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ስም ማዛወሪያውን ለመሸሽ ሲሉ ቤት በሽያጭ ሳይሆን በውክልና ላይ ውክልና እየጫኑ ከእጅ ወደ እጅ የሚያስተላልፉ ሰዎች፣ የመጀመሪያው ባለቤት ያረፈ ዕለት ሰንሰለቱ እንደሚበጠስ አያስተውሉም፤ ቤቱን የገዛ የመሰለው አራተኛ ሰውም ከሟች ልጆች ጋር ይፋለማል።

የውሉ ዋጋ በሐሰት ዝቅ ተደርጎ የሚጻፍበትም ልማድ የዚሁ ስውርነት ልጅ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 የንብረት ስም ሲዛወር ከዋጋው ከመቶ ሁለት እንዲከፈል ያዛል፤ ሌላም የአገልግሎት ክፍያ ይታከልበታል፤ ሻጭና ገዢ ይህን ለማሳነስ እየተስማሙ ከእውነተኛው ዋጋ ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰውን ይጽፋሉ። እንዲህ ያለው ስምምነት የሚጎዳው አስቀድሞ ገዢውን ነው፤ ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ «ገንዘቤን መልስልኝ» ብሎ በችሎት የሚጠይቀው የተጻፈውን እንጂ በላስቲክ ቋጥሮ የሰጠውን አይደለምና። ሻጩም ቢሆን ቀሪው ገንዘብ ካልተከፈለው በምን ጽሑፍ ይከሳል?

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔሩ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ እንደ ተጻፈው ቀብድ መስጠት ለውሉ መደረግ ማስረጃ ነው፤ ቀብድ ሰጪ ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ በራሱ ጥፋት ካልፈጸመ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ሻጩ ዛሬ ከአንዱ ቀብድ ተቀብሎ ነገ የተሻለ ዋጋ ለጠራ ለሌላው ቢጓጓ፣ ትርፉን ከእጥፉ ጋር አስተያይቶ ይጓጓ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ አንቀጽ 1723 ያዘዘ ሲሆን፣ ይኸው አንቀጽ እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ስንት ሰው እንዳከራከረ የሕግ ሰዎች ያውቁታል። በኪዮስክ የተገዛ የውል ወረቀት ላይ በደላላ እጅ ተጽፎ በቡና ቤት ከተፈረመ ሰነድ ይልቅ፣ በመዝገብ የተጻፈው ሌሊት ያስተኛል።

ይህን ሁሉ የአደባባይ ሥርዐት የዘመኑ መንግሥት ያመጣው የሚመስለው ሰው ካለ መጻሕፍትን ይመልከት። በኦሪት ዘፍጥረት በ23ኛው ምዕራፍ፣ አብርሃም የሣራን መቃብር ሊገዛ በተነሣ ጊዜ ከኤፍሮን ጋር ለብቻው ተሰውሮ አልተዋዋለም፤ በከተማው በር በኬጢ ልጆች ሁሉ ጆሮ ተነጋገረ፤ በነጻ ውሰድ ሲባልም እንቢ ብሎ 400 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ፤ እርሻው፣ ዋሻውና በወሰኑ ውስጥ ያለው እንጨት ሁሉ በምስክሮች ፊት ጸና። ቦዔዝም የሩትን ነገር የጨረሰው አሥር ሽማግሌዎችን በከተማው በር አስቀምጦ፣ ቅርብ የሆነውን ዘመድ አስቀድሞ እንዲቤዥ ጠይቆ፣ ያ ዘመድ ትቼዋለሁ ካለ በኋላ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በኦሮምኛ ካሳተመው ከ1899 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ወዲህ የነቀምት ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያነበው ኖሯል፤ የሽማግሌው የጃርሱማ ሥርዐት ግን ከመጽሐፉም ቀድሞ በአገሩ የነበረ ነው። ነገርን በሽማግሌ ፊት የመጨረስ ልማድ ለሌላው ሁሉ ሲሠራ፣ ስለ ምን ለቤት ሽያጭ ብቻ እንዲቀር እንደ ተደረገ አልገባኝም።

ጎረቤቱ በሽያጩ ውስጥ ድርሻ አለው ስል ደግሞ ስለ ይሉኝታ ብቻ አይደለም። የአጥሩን ወሰን የሚያውቀው፣ በቧንቧው መስመርና በጎርፍ ማውረጃው ላይ የነበረውን ስምምነት የሚያስታውሰው እርሱ ነው፤ ሻጩ በፊቱ ወሰኑን ቢያሳይ የሚቀጥለው ሃያ ዓመት ክርክር በአንድ ማለዳ ይቀራል። ከዚህም በላይ ገዢው የሚገባው በአራት ግድግዳ መካከል ብቻ አይደለም። በወለጋ ከተሞች ቤት ማለት በማለዳ ቡናው ሲፈላ ማን ይጠራል፣ በመስቀል አንጮቴው በቅቤና በቅመም ተለውሶ ሲቀርብ ማን ከማን ቤት ይበላል፣ ልጅ ስትወልድ እናቷ ገና ከገጠር ሳትደርስ ገንፎውን የሚያገነፋላት ማን ነው፣ ሞት ሲመጣ ድንኳኑን ማን ያቆማል የሚለው ሁሉ ነው። የአገሩ ሰው ቤት ሲሠራም፣ በተለይ በቀደመው ዘመን፣ እንጨቱን አቁሞ ሣሩን የሚከድነው በደቦ ነበር፤ ባለቤቱ ለሥራው ዋጋ የሚከፍለው ምግብና መጠጥ አቅርቦ፣ በተራውም ለሌላው ሄዶ ነው። በብዙ እጅ የቆመ ነገር በሹክሹክታ ሲሸጥ ሌላው ቢቀር ነውር ነው።

ስለዚህ ሻጩ ገዢውን ለእድሩ ያስተዋውቅ፤ የእድሩ ሰዎች አዲሱን አባል ከሻጩ አፍ ቢሰሙ ይቀበሉታል፤ ደላላ ያመጣውን ግን ለዓመታት «ያ የእገሌን ቤት የገዛው» ይሉታል። በቤቱ ውስጥ አሮጊት እናት ካለች አስቀድሞ ለእርሷ ይነገር። እናቱን ለአንድ ወር እንግድነት ብሎ ወደ አዲስ አበባ ወስዶ በሌለችበት ቤቷን የሸጠ ልጅ ሥራውን «ለእርሷ ብዬ ነው» ብሎ ሲከላከል ሰምቼ አውቃለሁ፤ እርሷ ግን በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ የምትጠይቀው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ጎረቤቶቿ ነበር። ልጆችም ቢሆኑ አሥር ዓመት የሞላቸው ሁሉ ይስሙ፤ የትምህርት ቤታቸው ዓመት በሰኔ እስኪያልቅ መጠበቅ ሁለት ወር የኪራይ ገንዘብ ቢያስከፍል ያዋጣል።

በቅርብ ዓመታት በወለጋ ላይ የመጣው ሁከት የዚህን ጉዳይ መልክ እንደ ለወጠው መሸሸግ አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአጎራባቹ ከካማሺ ዞን በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ነቀምትና ወደ አካባቢው ሲጎርፉ፣ ከዚያም በኋላ በየገጠሩ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባው ሰው ሲበዛ ከከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚሸሸውም በዝቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍርሃትን የሚገዙ ሰዎች ይነሣሉ፤ ዛሬ ካልሸጥህ ነገ የሚገዛህ አይገኝም ይላሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ግን በባቢሎን ጦር በተከበበች ኢየሩሳሌም፣ እርሱ ራሱ በእስር ሳለ፣ የአጎቱን ልጅ የአናምኤልን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዝቶ ውሉን በምስክር አትሞ በሸክላ ማሰሮ እንዲቀመጥ ለባሮክ ሰጠው። ሁሉ ሰው እንዲህ ያለ እምነት ይኑረው ብዬ አልፈርድም፤ ሕይወት ከቤት ይበልጣልና። ሊታገሥ የሚችል ሰው ግን ማከራየትን ከመሸጥ ያስቀድም፤ ቤቱን ለታመነ ዘመድ አደራ ሰጥቶ ሁለት ዓመት መቆየት በፍርሃት ከተቆረጠ ዋጋ የተሻለ ነው።

መሸጥ ከተወሰነ ወዲያ ወቅቱም ይመረጥ። የወለጋ ከተማ ገንዘብ ከቡና ጋር ይመጣል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ተለቅሞ እስከ ጥርና የካቲት ሲሸጥ፣ ነጋዴውም ገበሬውም ገንዘብ የያዙበት ወራት ነውና፣ ገዢ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። በክረምት የመጣ ገዢ ግን አይናቅ፤ ቆርቆሮው የሚያፈስበትን፣ ግቢው የሚጨቀይበትን ዐይቶ የገዛ ሰው ኋላ የሚያማርርበት ነገር አይኖረውም፤ ሻጩም ከመደበቅ ያርፋል። በውሉ ውስጥ ደግሞ እንደ አብርሃም ውል እንጨቱ ይጻፍ፤ በግቢው ያለው የቡና ተክል ፍሬው ቀልቶ ሳለ ቤቱ ቢሸጥ የዚያን ዓመት ለቀማ ማን ይወስዳል፣ አቮካዶውስ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውስ እስከ የትኛው ቀን ያለውን ማን ይከፍላል የሚለው በአንድ አንቀጽ ቢሰፍር፣ ርክክቡ በተደረገበት ዕለት ሁለቱ ወገኖች ቆጣሪውን አብረው አንብበው፣ ቁጥሩን በሰነዱ ጀርባ ጽፈው ይፈርማሉ።