ሊጡ ቀኑን ይጨርስ

በማድ ቤታችሁ ጥግ የሚቀመጠውን ቡሃቃ ከፍታችሁ የተመለከታችሁት መቼ ነው? ብዙዎቻችሁ እንጀራውን እንጂ ሊጡን እንደማታውቁት እገምታለሁ። ሆዱ የሚነፋበትና ምግብ አልፈጭ የሚለው ሰው ከየአቅጣጫው ምክር ይጎርፍለታል፤ አንዱ እህል የሚባል ነገር ተው ይለዋል፤ ሌላው በብልቃጥ የመጣ መድኃኒት ይጠቁመዋል። እኔ ግን አስቀድሞ ወደ ቡሃቃው መመልከት ይገባል እላለሁ።

የጤፍ ዱቄት በውኃ ተቦክቶ ካለፈው ቡኮ የተቀነሰው እርሾ ሲጨመርበት፣ በእርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሐዋስያን የዱቄቱን ስኳር እየተመገቡ ላክቲክ አሲድና ጋዝ ይሠራሉ። መኮምጠጡ ከአሲዱ፣ የእንጀራው ዐይን ደግሞ ከጋዙ የተገኘ ነው። መኮምጠጥ የሕያዋን ተሐዋስያን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 አስረድቷል፤ እናቶቻችን ግን ስማቸውን ሳይሰሙ እርሾውን ከቡኮ ወደ ቡኮ ሲያሸጋግሩ ኖረዋል።

በጤፍም ሆነ በሌሎች እህሎች ውስጥ ፋይቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለ። ይህም ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውነታችን እንደ ልብ አያገኛቸውም። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ የፋይቲክ አሲዱ መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ የመፍጨቱ ሥራ ከፊሉ ከሆዳችን በፊት በቡሃቃው ውስጥ ይጀመራል ማለት ነው። ስለሆነም ማታ ተቦክቶ ጧት የሚጋገረውን አፍለኛ ከሦስት ቀን እንጀራ ጋር እኩል አድርጎ መቁጠር ትክክል አይደለም። በምጣዱ ሙቀት ተሐዋስያኑ ይሞታሉ፤ ጥቅማቸው አስቀድመው በፈጸሙት ሥራ ነውና ቀናቸውን መስረቅ አይገባም።

እህል የሌለበት ምግብም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦና በሀዲያ የእንሰቱ ግንድ ተፍቆና አምቾው ተከትክቶ፣ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። በዚያም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለብዙ ወራት እየተብላላ ቆይቶ ቆጮ ይሆናል። ሲጨመቅ ከወጣው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ደግሞ ቡላ ነው። በሁለቱም ውስጥ አንዲት የእህል ፍሬ የለችም። ይሁን እንጂ ቆጮ ገንቢ ንጥረ ነገሩ አነስተኛ ስለሆነ ከአይብ፣ ከጎመንና ከባቄላ ጋር ቢበላ ይመረጣል። (ክትፎን ያልጠቀስሁት ረስቼው አይደለም፤ ክትፎ በቀረበበት ገበታ ስለ ቆጮው የሚያስብ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው።)

ይህን ስል ሁሉም ሰው እህል ይተው ማለቴ አይደለም። ሲሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ ከሚገኘው ግሉተን መራቅ ግዴታው ነው። ጤፍ ግን ግሉተን የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው መጠየቅ ያለበት እንጀራው ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት መሆን አለመሆኑን ነው። በውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ስለሆነ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚቆርጠው ሰው እርጎ ሲጠጣ ብዙም ላይታመም ይችላል፤ ምክንያቱም ሆድ የሚያውከው የወተት ስኳር ወተቱ ሲረጋ በከፊል ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለወጥ ነው። ነገር ግን ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንና የሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ አስቀድማችሁ አፍሉት፤ ለብ ሲል ንጹሕ እርጎ በማንኪያ ጨምራችሁ ክደኑት።

የጨጓራ ሕመምተኛን ግን «የኮመጠጠ ነገር ለሆድ ይስማማል» ብላችሁ አታስገድዱት፤ ሊያቃጥለው ይችላል። ሕመሙ የሚደጋገምበት ወይም ደም የሚያስታውከው ሰው ቦታው ማድ ቤት ሳይሆን ጤና ጣቢያ ነው።

እናንተ ተማሪዎች፣ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቃችሁ አንድ ቡኮ በገዛ እጃችሁ አቡኩ። በየቀኑ ሽታውን፣ አረፋውን፣ ከላይ የሚያቀረውንም ውኃ እየተመለከታችሁ በደብተራችሁ መዝግቡ፤ ሻጋታ ካበቀለ ጣሉት። አብሲቱ ከመጣሉ በፊት ለሚቀጥለው ቡኮ የሚሆነውን እርሾ ቀንሱ። ከዚህ ሥራ ወንዶች ልጆችም አይቀሩም።