ሥር የሰደደ ሕመም ሐኬት አይደለም



በየመሥሪያ ቤቱ ወገቡን ወይም አንገቱን ለዓመታት የሚያመው ሠራተኛ አይጠፋም። ፈቃድ በጠየቀ ቍጥር «ሰበብ ፈጠረ» ይባላል፤ በሐሳብ ሲዋጥና ሲሠጋ ደግሞ «ሐሞቱ ፈሰሰ» ተብሎ ይታማል። እኔም ወገቤን ካመመኝ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ ራጅ ተነሥቼ ምንም ስላልታየ የሕመም ፈቃዴ እንደ ሐኬት ተቈጥሮብኛል። ስለዚህ የነገሩን እውነት ለአንባብያን ለመግለጽ እወዳለሁ።

ሕመም በመሠረቱ ዘበኛ ነው፤ እሳት የነካው እጅ ቶሎ እንዲሸሽ ያደርጋል። ከ3 ወር በላይ ሲቈይ ግን ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል። በዚህን ጊዜ ነርቮች ከመጠን በላይ ንቁ ስለሚሆኑ፣ ቍስሉ ከዳነ በኋላ እንኳ ዘበኛው መጮኹን ላይተው ይችላል።

ጉዳቱም በወገብ ብቻ አይቀርም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. በቺካጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች ለብዙ ጊዜ ወገባቸውን ያመማቸውን ሰዎች ከጤነኞች ጋር ቢያስተያዩ፣ በግንባር በኩል ያለው ግራጫ የአንጎል ክፍል ሳስቶ አገኙት። ይህ ክፍል ሐሳብን የሚያመዛዝንና አሚግዳላ የተባለውን ሥጋት ቀስቃሽ ክፍል በልጓም የሚይዝ ነው። ልጓሙ ሲላላ ጭንቀት ይበረታል፤ ጭንቀት እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ማጣትም ሕመሙን ያብሳል።

ደስ የሚያሰኘው ግን በ2009 የወጣው የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት ነው። የዳሌ መጋጠሚያቸው በቀዶ ጥገና ተተክቶላቸው ሕመሙ የለቀቃቸው ሰዎች፣ ሳስቶ የነበረው የአንጎላቸው ክፍል መልሶ ሲያገግም ታይቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን እንደሚችል አስፍሯል።

እንግዲህ የክፍል ኃላፊዎች ሕመምተኛው በየሰዓቱ ጥቂት ቆሞ ወዲያ ወዲህ እንዲል ቢፈቅዱለት ሥራው አይበደልም። ሐኪሞችም ስለ ወገቡ ሲጠይቁት ስለ እንቅልፉና ስለ ሥጋቱም ይጠይቁት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነገር ግን የገለጸው ሰው ሐኬተኛ እየተባለ የሚሰደብ ከሆነ፣ ከመደበቅ በቀር ምን ምርጫ አለው?

አክባሪዎ
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ