እማሆይ ጽጌ ማርያምና ፒያኖ

ፒያኖ ምንድን ነው? እንደ ትልቅ ሣጥን ያለ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ነጭና ጥቁር ቁልፎች አሉት። ቁልፉን በጣት ሲጫኑት በውስጡ ትንሽ መዶሻ ክሩን ትመታለች፤ ድምፅ ይወጣል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በዚህ መሣሪያ ዓለም ያወቃቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነበር። በ6 ዓመታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ሄዱ። ጣሊያን አገራችንን ሲወርር ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ ተማሩ።

ቀጥሎ ለንደን ሄደው ሊማሩ ሲሉ ፈቃድ ተከለከሉ። እንዲህ ያለ እጅ ያላት ልጅ ትከለከላለች? እህል አልበላም አሉ፤ ለሞት ደረሱ። ከዚያ ወሎ፣ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖውም ቀረ።

አዲስ አበባ ሲመለሱ ግን ጣታቸው አልረሳም። ራሳቸው የደረሱትን ዜማ በፈረንጆች 1967 ጀርመን አገር በሸክላ አስቀረጹ። (ሸክላ ስንል የምናውቀው ማሰሮ አይደለም፤ ሙዚቃ የሚቀረጽበት ጥቁር ክብ ነገር ነው።) ገንዘቡን ወላጅ ላጡ ልጆች መርጃ አደረጉት።

ኋላ ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ። አብዛኛው ዜማቸው ቃል የለውም፤ ፒያኖው ብቻውን ይናገራል።